ማዕዘን የሚዞር የእንጨት ደረጃና መደገፊያው፤ ከመጀመሪያው ልኬት እስከ መጨረሻው ብሎን

ማዕዘን የሚዞር የእንጨት ደረጃ የሚበላሸው መጋዝ ሲያዝ ሳይሆን ሜትር ሲያዝ ነው። አስተካክልልን ተብዬ ከሄድኩባቸው ደረጃዎች በአብዛኞቹ እንጨቱ ጥሩ፣ አቆራረጡም ንጹሕ ነበር። ሆኖም ከታች የመጀመሪያው እርከን ከፍ ብሏል፣ ከላይ የመጨረሻው አጥሯል፣ ወይም መታጠፊያው ላይ ያለው ማረፊያ ከሁለቱ የደረጃ ክንፎች ጋር አልገጠመም። ሦስቱም ጉድለቶች የአንድ ስህተት ልጆች ናቸው፤ ወደፊት የሚለብሰውን የወለል፣ የማረፊያና የመርገጫ ውፍረት ከመነሻው በሒሳብ አለማስገባት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ሳትጨርሱ መጋዝ አታንሡ።

ቃላቱን አስቀድመን እንለያቸው

እግር የሚያርፍበትን አግድም ጣውላ መርገጫ፣ በሁለት መርገጫዎች መካከል የቆመውን ጣውላ ግንባር እላለሁ። ተሸካሚ የምለው ከታች ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄደውንና መርገጫዎቹ እንዲቀመጡበት ጥርስ የሚቆረጥለትን ወፍራም ጣውላ ነው። መታጠፊያው ላይ ያለው አራት ማዕዘን መድረክ ማረፊያ ነው፤ ከእሱ በታችና በላይ ያለውን እያንዳንዱን ቀጥ ያለ የደረጃ ክፍል ክንፍ እላለሁ። ምሰሶ መደገፊያው የሚታሰርበት ወፍራም ቋሚ፣ ዘንግ ደግሞ በምሰሶዎቹ መካከል የሚደረደረው ቀጭን ቋሚ ነው።

1. ከወለል እስከ ወለል ያለውን ከፍታ ለኩ

የምትፈልጉት ቁጥር ሁለቱም ወለሎች ካለቁ በኋላ የሚኖረው ከፍታ ነው። ወለሎቹ ገና ሊሾ (ከሴራሚክ በፊት የሚፈሰው የሲሚንቶ ንጣፍ) እና ሴራሚክ ወይም ፓርኬ ካልለበሱ እንዲህ አስቡት፦ ከታችኛው ሶሌታ (ያልለበሰ የኮንክሪት ወለል) እስከ ላይኛው ሶሌታ ያለውን ልኬት ያዙ፣ ታች የሚለብሰውን ውፍረት ቀንሱ፣ ላይ የሚለብሰውን ጨምሩ።

በምሳሌ እንሂድ፤ እስከ መጨረሻው የምንጠቀመውም ይህንኑ ነው። ልኬቱ 283 ሳንቲ ሜትር ወጣ እንበል። ታች ሊሾና ሴራሚክ ተደምረው 5 ሳንቲ ሜትር ይለብሳል፤ ላይ ፓርኬ 2 ሳንቲ ሜትር። 283 ሲቀነስ 5፣ ሲደመር 2፤ 280 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሥራችን ሁሉ የሚነሣው ከ280 ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከፍታውን የምትለኩት ደረጃው በሚያርፍበት ቦታ በቱምቢ (በክር በሚንጠለጠል ክብደት) አቅጣጫ እንጂ ከክፍሉ ሌላ ጥግ አይደለም። ወለል እምብዛም ፍጹም ውሃ ልክ አይሆንም፤ በሁለት ሜትር ርቀት ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር መዝቀጥ የተለመደ ነው። በረጅም ቀጥ ያለ እንጨትና በውሃ ልክ ከላይኛው ወለል ጠርዝ ወደፊት አውጡና ቱምቢውን የመጀመሪያው እርከን ወደሚያርፍበት ነጥብ ጣሉ።

2. እርከኖቹን አካፍሉ

ለመኖሪያ ቤት የሚመች የእርከን ከፍታ ከ17 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። 280ን ለ17.5 ስናካፍል 16 ከፍታ ይወጣል። ክፍፍላችሁ ሙሉ ቁጥር ካልሰጠ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉና ጠቅላላውን ከፍታ መልሳችሁ ለእሱ አካፍሉ። ትርፏን ወይም ጉድለቷን በአንድ እርከን ላይ ለመጣል ፈጽሞ አታስቡ።

የመርገጫውን ስፋት ለማግኘት የቆየውን የአናጢዎች ሒሳብ ተጠቀሙ፦ የእርከኑ ከፍታ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ስፋቱ ሲደመር ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ይህ የአንድ ሰው ተራ እርምጃ ነው። 17.5 ሁለት ጊዜ 35 ነው፤ 28 ሲጨመር 63። ስለዚህ የመርገጫችን ስፋት 28 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህ ስፋት ከግንባር እስከ ግንባር የሚለካ ነው፤ ጣውላው ወደፊት የሚወጣበት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ለብቻው ነው።

አሁን ማረፊያውን ከመሐል እናስገባ። 16ቱን ከፍታዎች ስምንት ስምንት እንክፈላቸው። ማረፊያው ከታች 140 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ቁጥር አለች፤ ስምንት ከፍታ ያለው ክንፍ ስምንት ሳይሆን ሰባት መርገጫ ነው ያለው፤ ስምንተኛው መርገጫ ራሱ ማረፊያው ነውና። ላይኛው ክንፍም እንዲሁ ሰባት መርገጫ አለው፤ ስምንተኛው የላይኛው ወለል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክንፍ ወለል ላይ የሚይዘው ርዝመት 7 ጊዜ 28፣ ማለትም 196 ሳንቲ ሜትር ነው። የደረጃው ስፋት 90 ቢሆን ማረፊያው ቢያንስ 90 በ90 ይሆናል፤ ከማዕዘኑ ግድግዳ በሁለቱም አቅጣጫ 286 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋችኋል።

ቦታው ካልበቃ ሒሳቡን ለማዳን የአንዱን ክንፍ እርከን ከሌላው አታሳጥሩ። ማረፊያውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በአንድ እርከን ማዛወር ትችላላችሁ፤ ለምሳሌ ታች ዘጠኝ፣ ላይ ሰባት። ከፍታው ግን በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን። በረጅሙና በአጭሩ እርከን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች መሆን አለበት፤ እኔ ከግማሽ አላሳልፍም።

ከመቀጠላችሁ በፊት የራስ ክፍተቱን አረጋግጡ። ከማንኛውም መርገጫ ጠርዝ በቀጥታ ወደ ላይ እስከ ኮርኒሱ ወይም እስከ ሶሌታው ጠርዝ ከ2 ሜትር ማነስ የለበትም። የአካባቢያችሁ የሕንፃ ደንብ ከዚህ የተለየ ልኬት ካዘዘ የሚቀደመው ደንቡ ነው፤ ይህ ለስፋቱም፣ ለመደገፊያው ቁመትም ይሠራል።

3. በወለሉና በግድግዳው ላይ በልኩ ሳሉት

ወረቀት ላይ የገጠመ ነገር ግድግዳው ላይ ላይገጥም ይችላል። ማዕዘኑ እውነተኛ ቀጥ ማዕዘን መሆኑን በ60፣ 80 እና 100 ፈትሹ፦ ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ካልሆነ ግድግዳውን አትከተሉት። ማረፊያውን በስኳድራ (በቀጥ ማዕዘን መለኪያ) ሠርታችሁ በግድግዳው በኩል የሚቀረውን ክፍተት በኋላ በቀጭን ጣውላ ትሸፍኑታላችሁ። ጠማማ ግድግዳ የተከተለ ማረፊያ ላይኛውን ክንፍ ያጣምማል፤ በ196 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ጥመቱ ገሃድ ይወጣል።

ከዚያ በእርሳስና በሲባጎ የማረፊያውን የላይ ገጽ፣ እያንዳንዱን መርገጫና የላይኛውን ወለል ግድግዳው ላይ ሳሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዓይናችሁ ስህተቱን የሚያየው ግን እዚህ ነው፤ እንጨት ሳይባክን።

4. እንጨቱን ምረጡና አሳርፉት

ቤት ውስጥ የሚሠራበት እንጨት እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። መለኪያ ከሌላችሁ እንጨቱን ደረጃው በሚሠራበት ክፍል ውስጥ በመሐላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩትና ቢያንስ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ያልደረቀ ጣውላ በብሎን ከተያዘ በኋላ ሲደርቅ ይሸሻል፤ የደረጃ መጮህ አብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለተሸካሚ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ያዙ። ስፋቱ ስንት ይሁን? በእኛ ልኬት አንድ ጥርስ ከጣውላው ውስጥ 14.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይበላል። ከጥርሱ ሥር ቢያንስ 9 ሳንቲ ሜትር ያልተነካ እንጨት መቅረት አለበት። ስለዚህ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ዝቅተኛው ነው፤ 28 ቢሆን ልብ ያሳርፋል፤ እኔም ከዚህ በኋላ በ28 ነው የማስበው። የተሸካሚው የሰያፍ ርዝመት 241 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን በሁለቱም ጫፍ መቁረጫ እንዲተርፍ 3 ሜትር ግዙ። ለ90 ሳንቲ ሜትር ስፋት በእያንዳንዱ ክንፍ ሦስት ተሸካሚ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ከጎን፣ አንዱ ከመሐል። ለመርገጫ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት በቂ ነው።

እያንዳንዱን ተሸካሚ በአንድ ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት። ጎበጥ ያለው ጠርዝ ወደ ላይ ይሁን፤ ክብደት ሲያርፍበት ይስተካከላል። ጉጥ ያለበት ቦታ ከጥርሱ ሥር እንዳይውል ጣውላውን ወደፊት ወይም ወደ ኋላ አንሸራትቱ።

5. ማረፊያውን አስቀድማችሁ አቁሙ

ማረፊያው የሁለቱም ክንፎች መነሻ ነው፤ እሱ ሳይቆም ተሸካሚ አትቁረጡ።

ከፍታውን አስሉ። ያለቀው ማረፊያ ካለቀው ታችኛ ወለል 140 ላይ መሆን አለበት። የማረፊያው ልባስ 4 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የፍሬሙ አናት 136 ይሆናል። እናንተ የምትለኩት ግን ገና 5 ሳንቲ ሜትር ከሚለብሰው ሶሌታ ነው፤ ስለዚህ 141። ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉት።

ፍሬሙን ከ5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ሥሩ፤ በግድግዳ በኩል ያሉትን ሁለት ጎኖች በግድግዳው ውስጥ በሚጠብቅ ብሎን እሰሩ፤ በውስጡ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ማቋረጫ አስገቡ። ልስን ላይ የያዘ የሚመስል ብሎን አያስተማምንም፤ ልስኑን አልፎ ብሎኬት ወይም ኮንክሪት መንከስ አለበት። 90 በ90 ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ 127.3 ሳንቲ ሜትር ከመጣ ቀጥ ብሏል ማለት ነው።

የፍሬሙ የፊት ጣውላ ስፋት ላይ ረጋ በሉ። ብዙ ደረጃ እዚህ ይወድቃል። ተሸካሚው ማረፊያውን የሚነካው ከማረፊያው አናት አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ነው። በእኛ ልኬት የመጨረሻው ጥርስ አግድም ገጽ ካለቀው ወለል 118.5 ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች የተሸካሚው ቋሚ ጫፍ 15.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። የፊት ጣውላችሁ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ከ136 እስከ 116 ብቻ ስለሚደርስ ከተሸካሚው ጋር የሚገናኘው በ2.5 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ሁለት ምስማር ተመትቶ ደረጃ ሙሉ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ። የፊት ጣውላውን 30 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፤ እስከ 106 ይወርድና 12.5 ሳንቲ ሜትር መያዣ ይሰጣችኋል። ለላይኛው ክንፍ ጫፍም የሶሌታው ጠርዝ በቂ ጥልቀት ከሌለው ተመሳሳይ ሰፊ ጣውላ ሶሌታው ላይ በኮንክሪት ብሎን እሰሩ። በሁለቱም ቦታ የተሸካሚው ርዝመት የሚለካው ከዚህ ጣውላ ፊት ነው።

የውስጠኛው ማዕዘን ምሰሶ፦ ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበትን የማረፊያውን ነጻ ጥግ የሚሸከመው እግር እዚያው ተቆርጦ አይቁም፤ ወደ ላይ ይቀጥልና የመደገፊያው ዋና ምሰሶ ይሁን። ከሶሌታው እስከ ማረፊያው ገጽ 145፣ ከዚያ በላይ 125፤ በድምሩ 270 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው 10 በ10 እንጨት ማለት ነው። ለምን 125 እንዳልኩ በክፍል 9 ታያላችሁ። ይህ ምሰሶ ከፍሬሙ ጋር በሁለቱም አቅጣጫ በሁለት ሁለት ባለ ዳዶ ብሎን ይታሰር። ማረፊያ ላይ በኋላ በብሎን የተተከለ አጭር ምሰሶ በወራት ውስጥ መነቃነቅ ይጀምራል።

6. አንድ ተሸካሚ ብቻ ሳሉና ቁረጡ

ከስስ ጣውላ አንድ ጎኑ 17.5፣ ሌላው 28 የሆነ ቀጥ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ቁረጡ፤ በረጅሙ ሰያፍ ጎን ላይ እንደ ከንፈር የሚይዝ ቀጭን እንጨት ምቱበት። ከንፈሩን በተሸካሚው ጠርዝ ላይ እያንሸራተታችሁ ጥርሶቹን በሹል እርሳስ ሳሉ።

እርሳስ በየጥርሱ አንድ ሚሊ ሜትር ብትንሸራተት በሰባተኛው ላይ ሰባት ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ስለዚህ ከመሳላችሁ በፊት በጠርዙ ላይ ሜትሩን አንዴ ዘርግታችሁ በየ33 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ፤ ይህ የአንድ እርከን የሰያፍ ርዝመት ነው። ሰባቱ 231 ይሆናሉ። ሦስት ማዕዘኑ እያንዳንዱ ምልክት ላይ መውደቅ አለበት።

የእግሩ አቆራረጥ

የመጀመሪያው ጥርስ ከሌሎቹ የተለየ ቁመት አለው። ቀመሩን ያዙት፦ የእርከን ከፍታ፣ ሲቀነስ የመርገጫ ውፍረት፣ ሲደመር ከእግሩ ሥር ወደፊት የሚለብሰው የወለል ውፍረት።

ታችኛው ተሸካሚ ያልለበሰ ሶሌታ ላይ ከቆመ፦ 17.5 ሲቀነስ 4፣ ሲደመር 5፤ 18.5 ሳንቲ ሜትር። ወለሉ አልቆ ሴራሚኩ ላይ ከቆመ፦ 17.5 ሲቀነስ 4፤ 13.5። ላይኛው ተሸካሚ ልባስ በሌለው የማረፊያ ፍሬም ላይ ከቆመ፦ 17.5 ሲቀነስ 4፣ ሲደመር 4፤ እዚያው 17.5። ለአንድ ደረጃ ሁለት የተለያዩ እግሮች መውጣታቸው አያስደንግጣችሁ፤ መሆን ያለበት ይኸው ነው።

እኔ በጀማሪነቴ ይህን አላውቅም ነበር። ሁሉንም ጥርስ እኩል ቆርጬ፣ ያለቀ ወለል ላይ አቁሜ 4 ሳንቲ ሜትር መርገጫ ደረብኩበት። የመጀመሪያው እርከን 21.5፣ የመጨረሻው 13.5 ሆነ። ሥራውን ባስረከብኩበት ቀን የቤቱ አሮጊት እናት ሲወጡ አየኋቸው። ላይ ሲደርሱ እግራቸው የሌለ እርከን ፈልጎ በአየር ላይ ቆመ፤ ከዚያም ወለሉን በኃይል መታ፤ ግድግዳውን ባይዙ ይወድቁ ነበር። ደረጃውን በማግስቱ ፈትቼ በራሴ ወጪ ሠራሁት። ያች በአየር ላይ የቆመች እግር እስካሁን ከዓይኔ አትጠፋም፤ ቀመሩን ሁለት ጊዜ ሳልጽፍ አንድም ተሸካሚ አልቆርጥም።

አቆራረጥ፦ በኤሌክትሪክ መጋዝ እስከ ጥርሱ ጥግ አትሂዱ። ክቡ ምላጭ ከላይ ጥጉን የነካ ሲመስል ከሥር ይቀረዋል፤ ያንን ለመጨረስ ገፋ ካደረጋችሁት መስመሩን አልፎ ከጥርሱ ሥር የቀረውን እንጨት ይበላል። ከጥጉ 3 ሳንቲ ሜትር ሲቀር አቁሙና በእጅ መጋዝ ጨርሱ።

ተሳስታችሁ ካለፋችሁ፦ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ኮላ ሙሉበትና ተሸካሚውን ከመሐል ተጠቀሙበት። ከዚያ ካለፈ በጎኑ ላይ በሙሉ ርዝመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ማጠናከሪያ በኮላና በብሎን ለጥፉ። ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ተሸካሚውን ለሌላ ሥራ አውሉት።

የተቆረጠውን አንዱን ተሸካሚ ወደ ቦታው ወስዳችሁ አቁሙት። በየጥርሱ ላይ ውሃ ልክ አኑሩ፤ ግድግዳው ላይ ከሳላችሁት መስመር ጋር አስተያዩት። ሲገጥም ብቻ በእሱ ላይ ሌሎቹን ሳሉ።

7. ተሸካሚዎቹን ትከሉ

እግሩ ኮንክሪት ላይ በቀጥታ አይረፍ፤ እንጨት ከኮንክሪት እርጥበት ይመጥጣል። ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ሬንጅ የተቀባ ሉክ አስገቡ። እንዲያውም የሚቻል ከሆነ ታችኛው ወለል እስኪያልቅና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ ሊሾ የተሸካሚን እግር ከቦ ሲደርቅ ማየት ያሳዝናል። ወለሉ ላይ ደግሞ በሁለቱ ጎኖች መካከል የሚገባ አግድም ጣውላ በብሎን ሰክታችሁ እግሮቹን ወደፊት እንዳይንሸራተቱ አስደግፏቸው።

ላይኛውን ጫፍ ከሰፊው የፊት ጣውላ ጋር በብረት ማዕዘንና በብሎን እሰሩ። ምስማር ብቻውን አይበቃም። በግድግዳ በኩል ያለውን ተሸካሚ ከግድግዳው ጋር ስታስሩ በመሐሉ የልስንና የግድግዳ ቀሚስ (የግድግዳውን ሥር የሚሸፍን ቀጭን ጣውላ) የሚገባበት ክፍተት ተዉ።

ሦስቱም ከቆሙ በኋላ ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ከጎን ወደ ጎን በየጥርሱ ላይ እየጣላችሁ ፈትሹ። አንዱ ከፍ ካለ በመላጊያ ዝቅ አድርጉት፤ ዝቅ ካለ ቀጭን ሽብልቅ ከኮላ ጋር አስገቡ። መርገጫው ተጣሞ ያስተካክለዋል ብላችሁ አትለፉ፤ መርገጫው ሲታጠፍ ሁልጊዜ ይጮሃል።

8. ግንባርና መርገጫ

ከታች ወደ ላይ ሂዱ፤ መጀመሪያ ግንባር፣ ቀጥሎ መርገጫ። የግንባሩ የላይ ጠርዝ ከጥርሱ ገጽ በአንድ ፀጉር ዝቅ ይበል እንጂ ከፍ አይበል።

በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ኮላ አድርጉ፤ ለብሎን አስቀድማችሁ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱ፤ ጠንካራ እንጨት ሳይበሳ ብሎን ከገባበት ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ ከጀርባ ዞራችሁ ግንባሩን ከመርገጫው የኋላ ጠርዝ ጋር በሦስት ብሎን ያዙት። ይህን የጀርባ ብሎን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ደረጃው ሲረገጥ የሚሰማው ጭረት መሰል ድምፅ አብዛኛው እዚያ ነው ያለው።

መርገጫ ከግድግዳ እስከ ተሸካሚ ፍጹም እንዲገጥም አትግፉት፤ በግድግዳ በኩል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉለት፤ እንጨት በየወቅቱ ያብጣል፣ ይሸማቀቃል። ክፍተቱን የግድግዳ ቀሚሱ ይሸፍነዋል።

በዚህ ጊዜ የማረፊያውን ልባስ አልብሱና ሜትር ይዛችሁ ሁሉንም 16 ከፍታዎች አንድ በአንድ ለኩ። ጻፏቸው። ከ17.5 የራቀ ካለ መደገፊያ ሳይገባ ማስተካከል ቀላል ነው።

9. መደገፊያው

ቁመቱ ከመርገጫው ጠርዝ በቀጥታ ወደ ላይ እስከ መደገፊያው አናት ከ86 እስከ 96 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን፤ በምሳሌያችን 90 ይዘናል።

ማዕዘኑ ላይ የሚሆነውን አስተውሉ። የታችኛው መደገፊያ ወደ ማዕዘኑ ምሰሶ ሲደርስ ከማረፊያው ገጽ 90 ላይ ነው። የላይኛው ክንፍ የመጀመሪያ መርገጫ ግን ከማረፊያው 17.5 ከፍ ስለሚል የእሱ መደገፊያ ከዚያው ምሰሶ የሚነሣው 107.5 ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ ነጥብ አይገናኙም፤ ልዩነታቸው ልክ አንድ እርከን ነው። የመደገፊያው ጫፍና የምሰሶው ራስ ሲታሰብበት ነው ምሰሶው 125 የሚሆነው። ምሰሶውን በ100 ቆርጠው የላይኛውን መደገፊያ ለማገናኘት በብረት ቁራጭ የሚቀጥሉ አሉ፤ መያዣው ሁልጊዜ ደካማ ይሆናል።

መደገፊያዎቹ በአንድ ቁመት እንዲገናኙ አጥብቃችሁ ከፈለጋችሁ መፍትሔው የሚወሰነው ክፍል 2 ላይ ነው፦ የላይኛውን ክንፍ ከምሰሶው በአንድ መርገጫ ስፋት፣ በ28 ሳንቲ ሜትር፣ አርቃችሁ ጀምሩት። ማረፊያው በዚያ አቅጣጫ ወደ 118 ያድጋል።

ልኬቱን በዲግሪ አትፈልጉት

የደረጃችን ዝንባሌ 32 ዲግሪ ነው። ነገር ግን መደገፊያውን በቁጥር አትቁረጡት። የመደገፊያውን እንጨት በመርገጫዎቹ ጠርዞች ላይ አጋድሙት፤ ከታችኛውና ከማዕዘኑ ምሰሶ ጎን አስጠጉትና በመቆንጠጫ ያዙት። ምሰሶዎቹ በቱምቢ ቀጥ ማለታቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ የሁለቱንም ምሰሶዎች ገጽ ተከትላችሁ እርሳስ ስቡ። መስመሩ ማዕዘኑንም ርዝመቱንም ይዟል። ቆርጣችሁ ወደ ላይ ስታነሡት ሁለቱም ጫፍ ምሰሶ ይነካል። እንጨቱ ገና እንደተጋደመ የዘንጎቹንም ቦታ ምልክት አድርጉበት።

መስመሩን ትታችሁ በውጭው በኩል ቁረጡ፤ ከዚያ በመላጊያ እየፈተሻችሁ አሳጥሩ። አጥሮ ከተቆረጠና ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ከዚያው እንጨት ቀጭን ልጥ ከኮላ ጋር አስገቡ፤ ከበለጠ መደገፊያውን ለማረፊያው ወይም ለአጭሩ ክፍል አውሉትና አዲስ ቁረጡ። ክፍተቱን በስቱኮ አትድፈኑት፤ ስቱኮ ሸክም አይችልም።

መደገፊያውን ከምሰሶው ጋር በኮላና ምሰሶውን አልፎ በሚገባ ረጅም ብሎን እሰሩ፤ የብሎኑን ራስ አስገብታችሁ በእንጨት ክዳን ሸፍኑት። እጅ የሚጨብጠው ክፍል ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ክብ ይሁን፤ ሰፊ ጠፍጣፋ ጣውላ ያምራል እንጂ የሚንሸራተትን ሰው እጅ አይዝም። በግድግዳ በኩል መደገፊያ ካለ ከግድግዳው ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

ዘንጎቹ

10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ በመካከላቸው ማለፍ የለበትም፤ የሕፃን ጭንቅላት ልክ ነው። በየመርገጫው ሁለት ዘንግ ብታስቀምጡ ከመሐል እስከ መሐል 14 ይሆናል። የ4 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ክፍተቱን ልክ 10 ያደርገዋል፤ ይህ ወድቋል። የ5 ሳንቲ ሜትር ዘንግ 9 ይሰጣል፤ ይበቃል። ቀጭን ዘንግ ከወደዳችሁ በየመርገጫው ሦስት አድርጉ።

እያንዳንዱን ዘንግ በየቦታው በውሃ ልክ አቁማችሁ የላይኛውን ሰያፍ ከመደገፊያው ሥር በእርሳስ ሳሉት። ሁሉንም በአንድ ርዝመት ቆርጦ መጨረስ ያጓጓል፤ ግን የአንድ መርገጫ ሁለት ዘንጎች ራሳቸው እኩል አይደሉም፤ ወደ ላይ ያለው በ9 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል።

10. ማረፊያ የሚሆን ቦታ ከሌለ

ማረፊያውን በሦስት የሚዞሩ እርከኖች መተካት ይቻላል፤ እያንዳንዳቸው 30 ዲግሪ ይዘው 90 ይሞላሉ። አንድ መድረክ በሦስት መርገጫ ስለሚተካ ከቀጥታው ክንፍ ሁለት መርገጫ፣ 56 ሳንቲ ሜትር፣ ይቀንስላችኋል። ዋጋው ግን አለ። መስመሮቹ ሁሉ ምሰሶው ጥግ ላይ በአንድ ነጥብ ከተገናኙ ከምሰሶው 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ መርገጫው 15.7 ብቻ ነው የሚሰፋው፤ ከመሐል፣ 45 ላይ፣ 23.6። ሲወረድ እግር የሚፈልገው 28 ነው። ስለዚህ የሚገናኙበትን ነጥብ ከምሰሶው ጀርባ አርቁት፤ ጠባቡ ጫፍ ስፋት ያገኛል። ወለሉ ላይ በልኩ ስላችሁ በመስመሮቹ ላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ሰው ተራመዱ። እግራችሁ ከመስመሩ ካለፈ ነጥቡን እንደገና አርቁ። እርጅና የተጫነው ሰው ወይም ሕፃን ባለበት ቤት ማረፊያውን እመርጣለሁ፤ ቦታ ለማግኘት ስል ሌላ ነገር እሠዋለሁ።

11. ፍተሻ፣ እና የሚቀሩ ችግሮች

ምሰሶው ይነቃነቃል፦ በዳሌያችሁ ገፋ አድርጉት። ከፍሬሙ ጋር የታሰረበት ብሎን ላልቶ ከሆነ አጥብቁ፤ ጠብቆም የሚነቃነቅ ከሆነ ከፍሬሙ በስተጀርባ ማቋረጫ እንጨት ጨምራችሁ ሦስተኛ ባለ ዳዶ ብሎን አሳልፉ።

መርገጫ ይጮሃል፦ አንድ ሰው ይርገጥ፣ እናንተ ከሥር ስሙ። ድምፁ ከግንባሩ ከሆነ የጀርባ ብሎን ጨምሩ፤ ከተሸካሚው ከሆነ ኮላ የተቀባ ሽብልቅ አስገቡ። ሽብልቁን በመዶሻ አብዝታችሁ ከመታችሁት መርገጫውን ያነሣዋል፤ እስኪጠብቅ ብቻ።

መርገጫ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፦ ብሎኑን አውጡ፣ ስንጥቁን በቢላ ጫፍ ከፈት አድርጋችሁ ኮላ አስገቡ፣ በመቆንጠጫ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ከዚያ አዲስ ቀዳዳ ከአሮጌው ራቅ አድርጋችሁ ብሱ።

ከተጠናቀቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ የእንጨቱን ጭረት ተከትላችሁ አሹት። ሰጋቱራውን በእርጥብ ጨርቅ አንሡ፤ ካልተነሣ ቫርኒሹ ሥር ይቀራል። መርገጫዎቹን እንደ መስታወት በሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ አትቀቡ፤ በካልሲ የሚወርድ ሰው ይንሸራተታል። የሚያደበዝዝ ቫርኒሽ ተጠቀሙ፤ ቤቱ ውስጥ ሰው እየኖረ ከሆነ አንድ መርገጫ እየዘለላችሁ ቀቡ፤ የቀሩትን በማግስቱ።